ቃጠሎ መድኃኒት የሆነበት የዓይን ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንሱሊን በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ ወዲህ የስኳር በሽተኛ ዕድሜ ረዘመ። ዕድሜው ሲረዝም ግን ቀድሞ እምብዛም የማይታይ ጉዳት ተከተለ። ይኸውም ለዓመታት የዘለቀ ከፍተኛ የደም ስኳር የቀጫጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ እየጐዳ ኩላሊትንና ዓይንን የሚያጠቃ መሆኑ ነው። በዓይን ውስጥ ምስል በሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ማለትም በሬቲና፣ ሥሮቹ ያብጣሉ፣ ያፈሳሉ፣ ኋላም ይደፈናሉ። ደም የተነፈገው ሬቲና በምትካቸው አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ እነዚህ ግን ለጋዎች በመሆናቸው በቀላሉ ይደማሉ፣ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ጐትቶ ይነቅለዋል።

መፍትሔው የመነጨው ከስኳር በሽታ ምርምር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1945 በታየው ግርዶሽ ፀሐይን በባዶ ዓይን በማየት የደረሰን ቃጠሎ የመረመሩት ጀርመናዊው ሐኪም ጌርድ ማየር ሽቪከራት፣ ብርሃን በሬቲና ላይ ጠባሳ መተዉን አስተዋሉ። ጠባሳ ያጣብቃልና የተቀደደ ሬቲና በብርሃን ሊጠገን ይችላል ሲሉ አሰቡ። በሐምቡርግ ክሊኒክ ጣሪያ ላይ መስተዋት ተክለው የፀሐይን ጨረር ወደ በሽተኛው ዓይን መሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ደመናው ግን አላሠራ አላቸው። (ፀሐይ ለሐምቡርግ ዘወትር እንግዳ ናት።) ስለዚህ በካርቦን ቅስት መብራት ሞከሩ፤ በ1950ዎቹም ከዛይስ ኩባንያው ሐንስ ሊትማን ጋር በዜኖን መብራት የሚሠራ መሣሪያ አበጁ።

በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የሠሩት የሩቢ ሌዘር ብርሃኑ ቀይ በመሆኑ ደም እምብዛም አይመጠውም፤ ለደም ሥርም አልተስማማም። ዊሊያም ብሪጅስ በ1964 ያስገኙት የአርጎን ሌዘር ግን የሚሰጠው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ይህን ደም በሚገባ ይመጠዋል። በ1968 ፍራንሲስ ሌስፔራንስ በሰው ዓይን ላይ ሥራ አስጀመሩት።

የሚያስገርመው፣ ዋናው የሌዘር ሕክምና አዳዲሶቹን ሥሮች አንድ በአንድ ማጥፋት አለመሆኑ ነው። የእይታ ማዕከል ተጠብቆ፣ በሬቲናው ዳርቻ ላይ ከሺህ በላይ ነጠብጣብ ቃጠሎ ይበተናል። ብዙ ኦክሲጅን የሚፈጁት ሕዋሳት ሲቀነሱ የቀሩት ያለው ይበቃቸዋል፤ አዲሶቹም ሥሮች ይከስማሉ። ክፍል አቃጥሎ ሙሉውን ማትረፍ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ መፈተን ነበረበት። በ1972 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ጥናት ከ1,700 በላይ በሽተኞችን አሳተፈ፤ የእያንዳንዳቸው አንድ ዓይን ታከመ፣ ሌላው ሳይታከም በክትትል ቆየ። ለንጽጽር የቀረው ዓይን የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በ1976 ሕክምናው የከባድ እይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ሲረጋገጥ፣ የጥናቱ ደንብ ተለውጦ አደጋ ያንዣበበባቸው ያልታከሙ ዓይኖችም እንዲታከሙ ተፈቀደ።

ሌዘሩ የጐንና የሌሊት እይታን ይቀንሳል። ሥር የሚያበቅለውን ፕሮቲን የሚያግድ፣ ዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ዛሬ አለ፤ ነገር ግን መርፌው በየጊዜው መደጋገም ስለሚኖርበት፣ ተመላልሶ መታከም ለማይችል በሽተኛ ሐኪሞች አሁንም ሌዘሩን ይመርጣሉ።