«ካንሰር ነው» ከተባለ በኋላ፦ ስለ ታማሚው አእምሮ ማወቅ ያለብን

እኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ካንሰር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወይ ታማሚው ብቻውን ውጤት ሊቀበል ሄዶ ይሰማል፣ ወይ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ አውቆ ለእሱ ብቻ ይደበቃል። በሁለቱም መንገድ ከባዱን ነገር ብቻውን ይሸከማል።

ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ዕጢው ሳይሆን ስለዚህ ሸክም ነው።

🔹 ምን ያህል ሰው ይመለከታል?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ የካንሰር ታማሚ ሆነዋል፤ ከ51 ሺህ በላይ ደግሞ ሞተዋል። በሴቶች ላይ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ እኛው ከተማ፣ በተለምዶ «ሪፈራል» የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል፤ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ሰው ይመጣል።

🔹 ድንጋጤ ወይስ ድባቴ?

ዜናው እንደተሰማ መደንዘዝ፣ «ላቦራቶሪው ተሳስቶ ነው» ማለት፣ መናደድ፣ እንቅልፍ ማጣት ያለ ነገር ነው። አእምሮ ታመመ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ሕክምናው መልክ ሲይዝ ቀስ በቀስ ይረጋጋል።

ላንሴት ኦንኮሎጂ የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት 94 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ከ100 የካንሰር ታካሚዎች 16 ገደማ የሚሆኑት ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነበረባቸው። ጭንቀትና ሌሎች የስሜት ችግሮች ሲደመሩ ቁጥሩ ከ30 እስከ 40 ይደርሳል። ይሄ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ችግሩ ብርቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ «ካንሰር ይዞት እንዴት አይደበት?» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ አብዛኛው ታካሚ ድባቴ ውስጥ አይገባም። የገባው ደግሞ ሊታከም ይችላል።

🔹 በምን እንለየው?

ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና የእንቅልፍ መዛባት ከኬሞቴራፒም ይመጣሉ፤ በእነሱ ብቻ መለየት ይከብዳል። እነዚህ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ከቆዩ ባለሙያ ይፈልጋሉ፦

▪️ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው
▪️ «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ዋጋ የለኝም» ካበዛ
▪️ ቀጠሮውን መተው፣ መድኃኒቱን መጣል ከጀመረ
▪️ ሞቱን የሚመኝ ንግግር ካመጣ

የመጨረሻው ሁለት ሳምንት አይጠበቅበትም። ስዊድን ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ያየ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ ያለው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ሳምንት መሆኑን አሳይቷል። ያኔ ገና ሕክምናውም አልተጀመረም፤ የሚከብደው ዜናው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳለው በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

🔹 መደበቅስ?

ቤተሰብ የሚደብቀው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብሎ ነው። ግን ታማሚው ይገባዋል። ፀጉሩ ሲረግፍ፣ እሱ ሲገባ ወሬ ሲቋረጥ፣ ሁሉም አይኑን ሲሸሸው ይገባዋል። ከዚያ እሱም እንዳላወቀ ይሆናል። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሕጉም ከታማሚው ጎን ነው። በደንብ ቁጥር 299/2006 መሠረት ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕክምና የሚሰጠው ታካሚው አውቆ ሲፈቅድ ነው። የማያውቀውን በሽታ ሕክምና ደግሞ አውቆ ሊፈቅድ አይችልም።

🔹 ምን እናድርግ?

1. ውጤት ለመቀበል ማንም ብቻውን አይሂድ። አብሮ የሚሄደው ሰው የተባለውን ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የደነገጠ ሰው ብዙውን አይሰማም።

2. «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉንም በአንድ ቀን መንገር ግዴታ አይደለም፤ መዋሸት ግን አያስፈልግም።

3. «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ብላችሁ ወሬውን አትዝጉ። «በጣም የሚያሳስብህ ምንድን ነው?» በሉና አዳምጡ። አንዳንዴ መልሱ ሞት አይሆንም፤ የልጆች ትምህርት፣ የቤት ኪራይ ወይም የሕክምና ወጪ ሊሆን ይችላል።

4. ለካንሰር ሐኪሙ «አእምሮዬም ታሟል» በሉት። ሪፈራል ውስጥ የአእምሮ ሕክምናም አለ። እብደት ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ሕክምናው የምክር አገልግሎት ወይም መድኃኒት፣ አንዳንዴም ሁለቱም ነው።

5. የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። ለምሳሌ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ይህን ለአእምሮ ባለሙያው መንገር አለባት። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች የታሞክሲፈንን ሥራ ሊቀንሱ ስለሚችሉ ሌላ ይመረጥላታል። በራሷ ግን አንዱንም አታቋርጥ።

6. ሕመም ካለ ዝም አትበሉ። ማስታገሻ ያላገኘ ሕመም ድባቴን ያባብሳል።

7. ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ሕክምና ፍለጋ አዲስ አበባ ለሚሄዱ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል የሚመጡ ታካሚዎችን ይደግፋል። ስሙ በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ካረፈ ሕፃን የተወሰደ ነው፤ ሐዘናቸውን ወደ ሥራ የቀየሩት ወላጆቹ ናቸው።

ለመርዶ ሰው ሰብስበን የምንሄድ ሕዝብ ነን። በሕይወት ላለውና ለሚታከመው ሰውም እንዲሁ እንሰብሰብ።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ታካሚ ካለ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት። ቸር ያሰማን።