ኮፓካባና፦ ስሙን ያቆዩት እነማን ናቸው?

ኮፓካባና ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሪዮ ዴ ጄኔይሮ የባሕር ዳርቻ ነው። ስሙ ግን የተወለደው ከባሕር ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። የሪዮው ሰፈር ቀድሞ ሳኮፔናፓ ይባል ነበር። የቦሊቪያዋን ከተማ የእመቤታችንን ምስል ቅጂ ያኖሩበት ጸሎት ቤት እዚያ ከተሠራ በኋላ አካባቢው በሙሉ በእርሷ ስም ተጠራ። ጸሎት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1914 ለተመረቀው ምሽግ ቦታ ሲለቅ ፈርሷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ይህን ያህል ሥር የያዘ ስም ከየት መጣ? ማንስ አቆየው?

ስለ ትርጉሙ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንዱ በአይማራ ቋንቋ ሐይቅ ማለት ከሆነው «ቆታ» ተነሥቶ «ሐይቅ የሚታይበት ስፍራ» ይለዋል። ከተማዋ ሐይቁ ዳር ናትና ትርጉሙ ያሳምናል። ይሁን እንጂ «ቆታ» እንዴት «ኮፓ» እንደ ሆነ ማስረዳት ይቀረዋል። ሁለተኛውን የምናገኘው የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ አሎንሶ ራሞስ ጋቪላን እ.ኤ.አ. በ1621 ካሳተመው የከተማዋ ታሪክ ነው። እርሱ እንደ ጻፈው ኮፓካባና በስፍራው ይመለክ የነበረ ጣዖት ስም ነው፤ ከሰማያዊ ድንጋይ የተሠራ፣ ፊቱ የሰው፣ እጅና እግር ግን የሌለው። ስሙንም «የከበረው ድንጋይ የሚታይበት ስፍራ» ብሎ ይፈታዋል። እኔ ሚዛን የሚደፋው ይህኛው ነው እላለሁ፤ ቃሉን ከመፍታት አልፎ ስፍራው ለምን እንደ ተከበረ ያስረዳልና። በኢንካዎች ዘመን በሐይቁ ውስጥ ወዳለው የፀሐይ ደሴት የሚሻገር ተሳላሚ አስቀድሞ የሚያርፈው ኮፓካባና ነበር።

«ራሞስ ሰባኪ ነው፤ ወንጌል ጣዖትን ድል ነሣ ለማለት የፈጠረው ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለቤተ ክርስቲያኑ ክብር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ስፔናውያን በየደረሱበት መንደሩን በቅዱሳን ስም ሲሰይሙ ኖረዋል። እዚህ ግን የእመቤታችን መጠሪያ ራሱ የጥንቱን ስም ያዘ። ስሙ ከጣዖት ጋር የተያያዘ መሆኑን መግለጥ ለሰባኪ የሚመች ነገር አይደለም፤ የጻፈው በአገሬው ዘንድ የታወቀ ነገር ስለ ነበር ይመስለኛል።

ስሙን ያቆዩት ያገሬው ተወላጆች ለመሆናቸው ትልቁ ማስረጃ የእመቤታችን ምስል ራሱ ነው። የቀረጸው ከኢንካ ነገሥታት ዘር የሚቆጠረው ፍራንሲስኮ ቲቶ ዩፓንኪ ነው። በመጀመሪያ ከሸክላ የሠራውን አንድ ቄስ ከመንበሩ አንሥተው ወደ ዕቃ ቤት አስገቡት። እርሱ ግን ወደ ፖቶሲ ከተማ ሄዶ ሙያውን ተማረ፤ ሥራውን ለጳጳስ አሳይቶ ፈቃድ ቢጠይቅም ተሳቀበት። በመጨረሻ የቃጫ ዘመድ ከሆነው ከማጌይ ግንድና ከጀሶ አዲስ ምስል ሠርቶ በወርቅ አስለበጠው፤ ምስሉም እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1583 ኮፓካባና ገባ። የአውግስጢኖስ መነኮሳት ስፍራውን የተረከቡት እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፤ ዛሬ የምናየው ባለ ጉልላት ነጭ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ስለዚህ ሕንፃው የቅኝ ገዢዎች ዘመን ሥራ ቢሆንም ሕዝቡ የተሰበሰበው ከሕንፃው በፊት ነው። ኮፓካባናን የቅኝ ግዛት ቅርስ ብቻ ብሎ መጥራት ቲቶ ዩፓንኪንና ወገኖቹን ከገዛ ታሪካቸው ማውጣት ነው፤ ስሙን ለዓለም ያበረከቱት እነርሱ ናቸውና።