የኦገስት ተስፋና የኦገስት ሙቀት

በኦገስት ወር የተሸነፈ ቡድን የለም። የአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል ውድድር ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ተጫዋቾቹ ካምፕ ይገባሉ፤ ደጋፊው ደግሞ በወሬ መኖር ይጀምራል። ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ዝግ ስለሆነ ከውስጥ ሾልካ የምትወጣ አንዲት ቃል ዋጋዋ ከፍ ይላል። «አዲሱ ኳርተርባክ ክንዱ ብረት ነው» ከተባለ ሳምንቱን ሙሉ ያስፈነድቃል። «ያ ግዙፉ የመከላከያ ልጅ ዛሬ እያነከሰ ወጣ» ከተባለ እንቅልፍ ይነሳል።

ይህ ተስፋ የራሱ መዝገብ አለው። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ ገና ያልተጫወቱ ቡድኖችን በደረጃ ማስቀመጥ የጀመረው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ አንደኛ የተባለው ኖተርዳም 4 አሸንፎ፣ 4 ተሸንፎ፣ በ1 አቻ ወጥቶ ዓመቱን ጨረሰ። በ1964 አንደኛ የነበረው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ 5 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ አንዱን አቻ ወጣ። በ2012 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከላይ ተቀምጦ ጀምሮ 6 ጊዜ ተሸነፈ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ደጋፊ በሚቀጥለው ኦገስት እንደገና ያምናል። ማመኑ ደግሞ ደስ ያሰኘኛል። በዚህ አገር ሰው ያለ ጥቅም፣ ያለ ደመወዝ፣ በሙሉ ልቡ ነገን የሚጠብቅበት ብዙ ወር አላየሁም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ያለባት ኮሌጅ ፓርክ ጎረቤታችን ናት። የሐበሻው ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድር በጁላይ መጀመሪያ አልቆ ሰው ወደየከተማው ሲበተን፣ የፍልሰታ ጾም ሲቃረብ፣ ወገኖቼ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ሲከራከሩ፣ የእኔ ልብ ኮሌጅ ፓርክ ነው። ቡድኑን እወደዋለሁ። ስለምወደውም የካምፕን ታሪክ ወደኋላ ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ፤ ካነበብኩት ውስጥ ጀንክሽንን የሚያህል አላገኘሁም።

ስለ ጀንክሽን መጀመሪያ የነገሩኝ አንድ የቴክሳስ ተወላጅ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተማሪ ነበሩ። ታሪኩን የሚናገሩት የአርበኞች ገድል እንደሚነገር ነው። በ1954 ፖል ብራያንት፣ ሁሉም «ቤር» የሚለው አሰልጣኝ፣ ከኬንታኪ መጥቶ ቡድኑን ተረከበ። የውድድሩ ዘመን ሊከፈት ሲል ተጫዋቾቹን በአውቶቡስ ጭኖ ከግቢው ርቃ ወደምትገኘው የቴክሳስ ከተማ ጀንክሽን ወሰዳቸው። ቦታው ዩኒቨርሲቲው ለሌላ ትምህርት የሚጠቀምበት ጣቢያ ነበር። አገሩን ድርቅ መትቶታል። ሜዳው ሣር አልነበረውም፤ ድንጋይና እሾህ ነበር። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣ ነበር። ልጆቹ ከንጋት ጀምሮ ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፤ በልምምድ መሃል ውኃ የለም። አንዳንዱ በሌሊት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጥቶ ጠፋ፤ አንዳንዱ በግልጽ ተሰናብቶ ሄደ። አሥሩ ቀን ሲያልቅ የቀሩት 35 ያህል ነበሩ። በሁለት አውቶቡስ ሄደው በአንድ ተመለሱ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ከእነዚያ ከቀሩት መካከል ጂን ስታሊንግስ አለ፤ ኋላ አሰልጣኝ ሆኖ አላባማን በ1992 የአገር ሻምፒዮን አድርጓል።  ለእነዚያ ለቀሩት በ1999 መጽሐፍ ተጻፈላቸው፣ በ2002 ፊልም ተሠራላቸው። በጎረቤቴ ትረካ ውስጥ ግን አንድ ሰው አለ፤ በፍጥነት ያልፉታል። አንድ ተጫዋች ሙቀት መትቶት ሜዳው ላይ ወድቆ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፈው። ያ ልጅ ባይተርፍ ኖሮ ጀንክሽን ዛሬ የሚጠራው በገድል አልነበረም።

ውኃ መከልከሉ የብራያንት ፈጠራ አልነበረም። በዘመኑ ብዙ አሰልጣኝ ውኃ ተጫዋችን ያለሰልሳል፣ ሆድ ያሳምማል ብሎ ያምን ነበር፤ ጥም መቻል የወንድነት ምስክር ነበር። ያን እምነት የነቀነቀው ከሕክምና በኩል የመጣ ጥያቄ ነው። በ1965 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ረዳት አሰልጣኝ፣ ተጫዋቾች ከግጥሚያ በኋላ ለምን ሽንት እንደማይመጣቸው ሐኪሙን ሮበርት ኬድን ጠየቀ። ኬድና ባልደረቦቹ በላብ የሚወጣውን ጨውና ፈሳሽ ለመተካት ጨው፣ ስኳርና ውኃ ቀላቅለው አንድ መጠጥ ሠሩ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ጌቶሬድ ስሙን ያገኘው ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከጌተርስ ነው።

መጠጡ መጣ እንጂ ሞቱ አልቆመም። በ2001 ክረምት የፍሎሪዳው ወጣት ኤራስት ኦቲን በጁላይ፣ የሚኒሶታ ቫይኪንግሱ ባለሙያ ተጫዋች ኮሪ ስትሪንገር በኦገስት 1 ቀን በሙቀት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ደንብ ተጻፈ። ከ2003 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በካምፑ የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ሰውነቱን ቀስ በቀስ ከሙቀቱ ጋር እንዲያላምድ ተደረገ፤ መጀመሪያ የራስ ቁር ብቻ፣ ቀጥሎ የትከሻ መከላከያ፣ በ5ኛው ቀን ሙሉ ትጥቅ። በቀን ሁለት ጊዜ መለማመድ፣ ያ የድሮው ካምፕ መለያ፣ በ2017 ታገደ።

ከዚያ የእኛው ቤት ተመታ። በሜይ 29 ቀን 2018፣ ከካምፑ ወራት በፊት፣ የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ተደጋጋሚ የ110 ያርድ ሩጫ ሲሮጥ ሙቀት መታው። ምልክቱ ከታየበት እስከ አምቡላንስ ጥሪ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥም አልተነከረም። ጁን 13 ቀን ሞተ። እንዲህ የተመታ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እዚያው በበረዶ ውኃ መቀዝቀዝ እንዳለበት ያኔም ይታወቅ ነበር። ዝርዝሩ አደባባይ የወጣው በኦገስት፣ ካምፑ በተከፈተበት ሰሞን ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነቱን በይፋ ተቀበሉ፤ ዋናው አሰልጣኝ በኦክቶበር መጨረሻ ተሰናበተ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሜሪላንድ ከቴክሳስ ሲገጥም ለመጀመሪያው የማጥቃት ጨዋታ 10 ሰው ብቻ አሰለፈ፤ የማክኔር ቦታ ባዶ ተተወ። ሰዓት በማባከን የተጣለውን ቅጣት ቴክሳሶች አንቀበልም አሉ። ሜሪላንድ 34 ለ 29 አሸነፈ፤ እንደዚያ ቀን በድል መካከል አልቅሼ አላውቅም። በ2021 የልጁን ስም የያዘ ሕግ በሜሪላንድ ጸደቀ።

በዚያው ዓመት በየኮሌጁ ካምፕ ከሚደረጉት ልምምዶች በሙሉ ትጥቅ የሚሆኑት ከ9 እንዳይበልጡ ተወሰነ። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ አዘኑ። «ልጆቹ ለስላሳ ሆኑ፤ ለዚህ ነው ሴፕቴምበር ላይ ተጋጣሚን መጣል የማይችሉት» አሉኝ። ይህ የእሳቸው ብቻ ስጋት አይደለም፤ ካምፑ በጣም ቀለለ የሚል ደጋፊ በየኦገስቱ እሰማለሁ። ከልባቸው ስለሆነ እኔም ከልቤ መለስኩላቸው። «አባባ፣ ከጀንክሽን የተመለሰው ቡድን በ1954 ስንት አሸነፈ?» አልኳቸው። ያውቁታል። 1 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። እሳቸውም ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1956፣ ሳይሸነፍ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሆነ አሉኝ፤ እውነት ነው። ግን በዚያ ቡድን ውስጥ ኳሱን ይዞ የሚሮጠው፣ በቀጣዩ ዓመት ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይስማንን ሽልማት ያገኘው ጆን ዴቪድ ክሮው፣ በ1954 ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለነበር ጀንክሽን አልሄደም። የቡድኑ ምርጥ ልጅ ያደገው ያን እሾህ ሳይረግጥ ነው። ጎረቤቴ ዝም ብለው አሰቡና ስለ ዘንድሮው ኳርተርባክ ጠየቁኝ።