ሞፈር ያልገባባት ምድር፦ የዘጌ ደንና የአባቶች የመሬት ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የጣናን ዳርቻ ተከትሎ የሚታየው ምድር አብዛኛው የታረሰ ነው፤ ዛፉ ጥቂት፣ ማሳው ሰፊ ነው። ዘጌ ሲደርስ ግን ደኑ ከውኃው አፋፍ ይጀምራል። ከጀልባ ወርደው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ ከላይ የትልልቅ ዛፎች ጥላ፣ ከሥር የቡና ተክል፣ በቅርንጫፍ ላይ ጦጣዎች ይታያሉ። ይህ ጸሐፊ ከግቢ ጉባኤ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በሄደበት ቀን የገዳሙን ሥዕሎች ለማየት ቸኩሎ ስለ ነበር ደኑን እንደ መንገድ ብቻ ቈጥሮ አልፎታል። ጥያቄው የመጣው ስንመለስ ነው። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ሐይቁ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ልሳነ ምድር ለምን ደን ሆኖ ቀረ?

የአገሬው መልስ አጭር ነው፦ «አባታችን ስላወገዙት ነው።» በዘጌ ትውፊት መሠረት ቦታዪቱን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ጻድቁ በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ከዚህም ጋር ምድሪቱ በበሬ እንዳትታረስ፣ ከብትም እንዳይረባባት በቃለ ግዝት ታሰረች፤ ሕዝቡ በእነዚህ ሦስት ተክሎች እንዲኖር ተሰጠው። ትውፊትን የምንቀበለው በእምነት ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ከዚህ ጨምሮ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ትእዛዙ በምድር ላይ ምን ሠራ የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት ሞፈርና ከብት ለደን ምን እንደ ሆኑ ማሰብ ይበቃል። ሞፈር የገባበት መሬት ሥሩ ይነቀላል፣ ጉቶው ይወጣል፣ ጥላውም እህሉን ስለሚያቀጭጨው ዛፉ ይቈረጣል። ከብት የገባበት ደን ደግሞ ለዓይን ደን መስሎ ይቈያል እንጂ ልጅ አይወልድም፤ ችግኙ ገና ሁለት ቅጠል ሳያወጣ ይበላል ወይም ይረገጣል። አሮጌዎቹ ዛፎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። አባቶች እነዚህን ሁለቱን ከለከሉ፤ የፈቀዱት ደግሞ ጥላ የሚወድ ተክል ነው። ቡና ከዛፍ ሥር ይበቅላልና ቡናውን የፈለገ ሰው ዛፉን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ግዝቱ ሰውን ከደኑ አላስወጣም፤ ኑሮውን ከደኑ ህልውና ጋር አሰረው እንጂ።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሌላም ነገር አለ። የዘጌ ደን በሙሉ የገዳማቱ ይዞታ አይደለም። በልሳነ ምድሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በመካከላቸው ያለው የቡና መሬት ግን አብዛኛው የየቤተሰቡ ነው። አባት ለልጅ ያወረሰው፣ ወሰኑ በዛፍና በድንጋይ የሚታወቅ የግል ጓሮ ነው። እያንዳንዱ ባለ ይዞታ በራሱ መሬት ላይ፣ በራሱ ቡና መካከል፣ ለሁሉ በጋራ የተሰጠውን ግዝት ይጠብቃል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢጠብቅ ጓሮው ጥቂት ዛፎች ያሉበት ቍራሽ መሬት ይሆን ነበር። የሁሉም ጓሮ በመያያዙ ግን ወፉና ጦጣው ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የሚሻገርበት አንድ ደን ሆነ። የአጥሩ ባለቤት ብዙ ነው፤ የዛፉ ጥላ ግን አንድ ነው።

ይህ ሥርዓት ያለ ዋጋ የቆመ አልነበረም። በሬ የሌለው አገር ጤፍ አያመርትም። ስለዚህ ዘጌዎች እህላቸውን የሚያገኙት ቡናቸውን፣ ጌሿቸውንና ሎሚያቸውን ሸጠው ነው። ደኑ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት አፋፍ የገበያው ስፍራ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በአንድ ወገን የደኑ ፍሬ፣ በሌላ ወገን የእርሻው ፍሬ ተገናኝተው የሚለዋወጡበት ደጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልጥቀስ። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት እንደ ነውር ይታይ ነበር። የገዳም አገር የሆነችው ዘጌ በዚያ ዘመን ቡና የምታለማው ከሁሉ በፊት ለገበያ ነበር፤ ገዢውም ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስናፈላ ይህን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

ታሪክ ስንጽፍ ግን የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን ልንጽፍ አይገባም። የዘጌን ቡና ይለቅሙና ይሸከሙ ከነበሩት መካከል በባርነት የተያዙ ሰዎች እንደ ነበሩ ስለ አካባቢው የተደረጉ የታሪክና የኅብረተሰብ ጥናቶች አስረግጠው ጽፈዋል። ከምዕራቡ ቈላ ተፈንግለው የመጡ ሰዎች በዚያ ጥላ ሥር ለሌላ ሰው ሲለቅሙ ኖረዋል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ደኑ የጸሎት ፍሬ መሆኑን በምንናገርበት አንደበት የእነዚህ ሰዎችም ላብ ያለበት መሆኑን ካልተናገርን ምስክርነታችን ጎዶሎ ነው። አንድ ወንድም ይህን አንብቦ «ዲያቆን ሆነህ ይህን ማንሣት ምን ያደርጋል?» ብሎኛል። ዲያቆን ስለሆንኩ ነው ያነሣሁት።

ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ርስት ቀረ። በብዙ ቦታ የቤተ ክርስቲያን መሬት ታርሶ ተከፋፈለ፤ ለብዙ አጥቢያዎችም ከመቅደሱ ዙሪያ ካለው ዐጸድ በቀር የቀረ አልነበረም። ዘጌ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ሳትታረስ ቀረች። ሕጉ ቢለወጥም ግዝቱ አልተለወጠም፤ ቡናውም የሚበቅለው ያው ከጥላ ሥር ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣና ከነዙሪያው በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ዘጌ በውስጡ ነበረች። ይህ ማለት አደጋ የለባትም ማለት አይደለም። የባሕር ዳር ከተማ ማገዶ ትፈልጋለች፣ የቡና ገቢ አይበቃም፣ ቡናውን ለማስፋት ሲባል ከሥሩ የሚበቅሉት የሌሎች ዛፎች ችግኞች ይመነጠራሉ። የቡና ደን ንጹሕ የዱር ደን እንዳልሆነም አንርሳ።

ከዘጌ ወጥተን ወደ ደቡብ ጎንደር ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ደኑ በሰፊ ማሳ መካከል እንደ ደሴት በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቀርቷል። በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በቢጫው ምድር ላይ አረንጓዴ ክቦችን ያያል፤ በእያንዳንዱ ክብ መካከል ጉልላት አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚህ አካባቢ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው በ2007 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቊጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ዝግባው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ በሌላ ቦታ ሲጠፋ በዚያ ተገኝቷል። ከበሮው ከዋንዛ፣ መቋሚያው ከወይራ የሚሠራበት ቤት ዋንዛንና ወይራን ጠብቆ መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ስለ ዘር የተጻፈው ነው። ደን ቢቈረጥ አፈሩ ውስጥ ከተቀበረው ዘር ተመልሶ ይበቅላል ብለን እናስብ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ከእነዚህ ደኖች አፈር ወስደው ሲመረምሩ ከአፈሩ የበቀለው አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን አይቆይም፤ ወድቆ ይበቅላል ወይም ይሞታል። ስለዚህ እናት ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ አፈሩ አያስታውሰውም። ዘሩን የሚያመጣው ከሌላ ዛፍ የበላ ወፍ ነው፤ ወፉም የሚያርፍበት ዛፍ ከሌለ አይመጣም።

ብዙዎቻችን «ደኑ ያለቀው በእኛ ዘመን ነው» እንላለን። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1938 እ.ኤ.አ. ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን ከዛሬው ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ግን የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ያኔም በየብቻቸው የቆሙ ደሴቶች እንደ ነበሩ አሳይተዋል። ስፋታቸው እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው በዙሪያቸው የነበረው ቊጥቋጦ መጥፋቱና የባሕር ዛፍ መግባት ነው። እንግዲህ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ክቡን የጠበቁት የየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን ናቸው። አጥር የሆናቸው ቊጥቋጦ ሲመነጠር ግን ከብቱና ማሳው እስከ ደኑ ጠርዝ ደረሰ።

ባሕር ዛፍን ካነሣን ዘንድ፣ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ፣ መናገሻውም ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን አዳናት፤ ይህን ውለታውን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከዚያ ከ400 ዓመታት በፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመናገሻ ያስተከሉት ሌላ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተክለዋል። ያ ደን ሱባ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ፤ በውስጡም ምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ ይኖሩበታል። ንጉሡ ለአንድ ጎረምሳ የዕድሜ ዘመን የሚደርስ እንጨት ቢፈልጉ ኖሮ ጽድ ባላስተከሉ ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት በምማርበት አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሠራ ሁለት ወይራና አንድ ዋንዛ ተቈርጠዋል። ግንዱን ተሸክመው ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። በምትኩ 200 የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከልን፤ ፎቶ ተነሣን፤ ጭብጨባም ነበር። የኔታ ግን ከዳር ቆመው ሲያዩ ቆይተው «አንተ ልጅ፣ ወፎቹን የት ልትወስዷቸው ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ «የኔታ፣ ይበቅላል እኮ» ብዬ መለስኩላቸው። ከላይ የጻፍኩትን ስለ ዘር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በደቡብ ጎንደር ካህናቱ ከገበሬዎቹ ጋር ከማሳ የተለቀመውን ድንጋይ እየካቡ ደኖቻቸውን አጥረዋል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን በዚህ ሥራ ረድተዋቸዋል። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል፤ ደኑ ከከብት ይጠበቃል። በጥናቱ ከብት በታገደበት ቦታ ችግኞች በሕይወት የመቆየታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን ይዘን ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ጻፍን፦ ዐጸዱ በድንጋይ ይካብ፣ ከብት አይግባ፣ ባሕር ዛፉ ሲደርስ ተቈርጦ በቦታው አገር በቀል ይተከል።

መልሱ እንደ ጠበቅነው ቀላል አልሆነም። የዐጸዱ ሣር በየዓመቱ ለግጦሽ ይሸጣል፤ ከዚያ ገንዘብ የጧፍ፣ የዕጣንና የጥበቃ ወጪ ይሸፈናል። አንድ አባት «ልጆቼ፣ ዘጌዎች ቡና አላቸው፤ እኛ ምን አለን?» ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አቡነ በትረ ማርያምም ሲከለክሉ ሦስት ተክል ሰጥተው ነበርና። ከረጅም ውይይት በኋላ የምሥራቁ ወገን ብቻ፣ ከቤተ ልሔሙ እስከ መቃብሩ ድረስ ያለው፣ ለሁለት ዓመት እንዲታጠር ተፈቀደ። ጌሾ በአጥሩ ሥር እንዲተከልም አንዲት እናት አሳስበው ተቀባይነት አገኘ፤ ቢያንስ ለበዓለ ንግሡ ጠላ ከገበያ የምንገዛው ጌሾ ይቀራል። ድንጋዩን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንለቅማለን። የቀረውን የሣር ገቢ በምን እንደምንተካ ገና አልተስማማንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።