ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ የገዋኔ ተሳፋሪ መንገድ

ከአዲስ አበባ በአዳማና በመተሐራ በኩል የሚመጣው አስፋልት አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ድሬዳዋና ሐረር ያመራል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሎጊያና ሰመራ ይገባል። ገዋኔ በዚህ በሁለተኛው መስመር አጋማሽ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዋሽም ከሚሌም ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከሚሌ እስከ ሰመራ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ወደ ከተማዋ መቃረቡን ለመንገደኛው ከሩቅ የሚነግረው ከሜዳው ብቻውን ብድግ ያለው የአየሉ ተራራ ነው።

የባቡር ሐዲድ ገዋኔን አያውቃትም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡርም ሆነ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር አዋሽን ይዞ በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰመራ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት። ለገዋኔ ነዋሪና ለአካባቢው አርብቶ አደር ግን ዋናው የጉዞ መስመር ይኸው አስፋልት ነው።

በመስመር አጋማሽ የሚሳፈር ሰው ችግር ከመነሻ ከተማ ተሳፋሪ የተለየ ነው። በሀገራችን የተለመደው አሠራር ተሽከርካሪው በመናኸሪያ ተራውን ጠብቆ፣ ወንበሩ ሞልቶ እንዲነሳ ነው። ሞልቶ የተነሳ አውቶብስ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚያነሳው ሰው ቢኖር፣ ሌላው ሲወርድ በሚለቀቅ ቦታ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከገዋኔ የሚነሳ ተጓዥ የሚጠብቀው አውቶብሱን ሳይሆን ባዶ ወንበሩን ነው ማለት ይቻላል። ወንበር ሲገኝም ሙግቱ በዋጋው ላይ ይሆናል፤ ረዳቱ የሙሉውን ጉዞ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ተሳፋሪው ደግሞ ለሚሄድበት ርቀት ብቻ መክፈል ይፈልጋል። ታሪፉን ከመሳፈር በፊት ጠይቆ መስማማት፣ ከከፈሉም በኋላ ትኬት መቀበል ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ትኬቱ ዕቃ ቢጠፋ ወይም አደጋ ቢደርስ ተሳፋሪነትን የሚያስረዳ ወረቀት ነውና እንደ ተራ ነገር አይጣልም።

ሰዓቱን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ሀገር አቋራጭ አውቶብሶች የሚነሱት ብዙውን ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው። ከሰመራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ የተነሳ ተሽከርካሪ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህሉን ተጉዞ ረፋድ ላይ ገዋኔ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በዚያው ሰዓት የተነሳው ግን ወደ 380 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ከቀትር በኋላ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወደ ሰመራ ለመሄድ የአዲስ አበባውን አውቶብስ የሚጠብቅ ሰው የቀኑን ጉዳይ በዚያው ቀን ይፈጽማል ብሎ ባያስብ ይሻላል። ዱብቲ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ታካሚ ሎጊያ ወይም ሰመራ ወርዶ ሌላ ተሽከርካሪ መያዝ ስላለበት፣ በዋዜማው ተጉዞ ማደሩ ይበጀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ገዋኔ የሚመጣ ሰውም ቀጥታ መኪና ቢያጣ በድሬዳዋ ወይም በሐረር አውቶብስ እስከ አዋሽ መጥቶ እዚያ መቀየር ይችላል።

ወንበር ያጣ መንገደኛ ዓይኑን በጭነት መኪኖች ላይ ያሳርፋል። መስመሩ ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በፊት በዋናነት የአሰብ ወደብ መንገድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጋላፊ በኩል የጅቡቲ ጭነት ቀንና ሌሊት ይመላለስበታል። ጋቢና ውስጥ ቦታ ማግኘት ይቀል ይሆናል። ይሁንና የጭነት መኪና ለሕዝብ ማመላለሻ አልተፈቀደም፤ አሽከርካሪው ረጅም ርቀት ነድቶ የደከመ ሊሆን ይችላል፤ ትኬት የሚባል ነገርም የለም። በዕቃ ላይ መሳፈር ከሁሉም የከፋ ነው።

ከገዋኔ በስተሰሜን መንገዱ የአፍሪካ የዱር አህያ መጠለያ የሆነውን የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ያልፋል። በመስመሩ ግመል፣ ከብትና ፍየል ሳይታሰብ አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ ግመል ቁመቱ ረጅም በመሆኑ ግጭቱ ለመኪናውም ለሰዎቹም ብርቱ ነው፣ በጨለማ ደግሞ አይታይም። በመስመሩ ዳር በሚነሱ ግጭቶች መንገዱ አንዳንዴ ስለሚዘጋ፣ ከመነሳት በፊት ከአሽከርካሪዎች ወይም ከፖሊስ መጠየቅ ያስፈልጋል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ እጅግ ይበረታል፤ መኪና መሐል መንገድ ላይ ቢበላሽ ጥላ የሚሆን ዛፍ በቅርብ ላይገኝ ይችላል። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ የያዘ ሰው ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ የመጠጥ ውሃ ይያዝ፤ ውሃውንም ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ጋር ሳይሆን ከወንበሩ ሥር ያስቀምጥ።