የትንሿ ደመና ርቀት



በኅዳር ወር፣ ጨረቃ በሌለችበት አንድ ምሽት፣ የዒሻእ ሶላታችሁን ሰግዳችሁ ስትጨርሱ ከከተማ መብራት ራቅ ወዳለ ቦታ ወጣ በሉ። ልጆቻችሁንም አስከትሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን መልሳችሁ ከአድማሱ ከፍ ያለውን ሰማይ አስተውሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ በከዋክብቱ መካከል የደበዘዘች፣ ሞላላ፣ ነጣ ያለች ነገር ትታያችኋለች። ኮከብ እንዳትሏት እንደ ነጥብ ጠርታ አትታይም። ደመና እንዳትሏት ነገም ከነገ ወዲያም ከእነዚያው ከዋክብት መካከል አትነቃነቅም።

ከልጆቻችሁ አንዱ «አባዬ፣ እሷ ምንድን ናት? ምን ያህልስ ትርቃለች?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙዎቻችን «አላህ ያውቃል» እንላለን። እውነት ነው፣ ሁሉን አዋቂው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቃል የእምነት መግለጫ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ የስንፍና መሸሸጊያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የዚህችን ትንሽ ደመና ታሪክ ስንከተል በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እናያለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

አስ-ሱፊ ያያት ደመና

ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ903 በፋርስ ምድር፣ ዛሬ ቴህራን በምትገኝበት አካባቢ በነበረችው በረይ ከተማ ተወለደ። በ964 ገደማ፣ ማለትም በ353 ዓመተ ሂጅራ፣ ስለ ቋሚ ከዋክብት የጻፈውን ታላቅ መጽሐፉን አዘጋጀ። በዚያ ዘመን የሰማይን ትምህርት ለሚያጠና ሁሉ መመኪያው ከ800 ዓመት በፊት በእስክንድርያ የኖረው የበጥሊሞስ ሥራ ነበር። አስ-ሱፊ የከዋክብቱን ሥፍራ ከበጥሊሞስ ወስዶ ለራሱ ዘመን በስሌት አስተካከለው። የድምቀታቸውን መጠን ግን ከመጽሐፍ አልገለበጠም። አንድ በአንድ በገዛ ዓይኑ መረመረ፤ ያልተስማማውንም አረመ።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ፣ ዐረቦች በከዋክብት በሚስሉት ትልቅ ዓሣ አፍ አጠገብ፣ አንዲት «ትንሽ ደመና» መኖሯን መዘገበ። በጥሊሞስ አልጠቀሳትም። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ጽሑፎች ሁሉ ስለ እርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ይኸው የሙስሊም ሊቅ መጽሐፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አስ-ሱፊ ደመናዋ ከምን እንደተሠራች፣ ምን ያህልም እንደምትርቅ አልተናገረም። ያየውን ጻፈ፣ ላላወቀው ግን ተረት አልፈጠረም። ከእርሱ በኋላ የመጣ ሰው ሊቀጥልበት የሚችል ንጹሕ ምስክርነት ትቶ አለፈ።

አጭር መሰላል

ለመሆኑ በዚያ ዘመን ሰማይ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር? በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ፈርጋኒ የበጥሊሞስን ትምህርት አሳጥሮ ባቀረበበት መጽሐፍ፣ የቋሚዎቹን ከዋክብት ርቀት የምድር ሬዲየስ 20,110 እጥፍ አድርጎ አስቀምጦታል። ዛሬ በምናውቀው የምድር መጠን ሲሰላ 128 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ፀሐይ ብቻዋን ግን በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከእኛ ትርቃለች። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሰማይ ከነከዋክብቱ፣ ዛሬ በእኛና በፀሐይ መካከል እንዳለ በሚታወቀው ርቀት ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው!

እነዚያ ሊቃውንት ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። የሚወጡበት መሰላል አጭር ስለነበረ ነው። የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ግን በሚገባ አጽንተውታል። በ973 በኸዋሪዝም የተወለደው አል-ቢሩኒ፣ ዛሬ በፓኪስታን በሚገኘው በናንዳና ምሽግ አጠገብ ወዳለ ተራራ ወጣ። አስቀድሞ የተራራውን ከፍታ ለካ። ከጫፉ ላይ ሆኖም አድማሱ ከአግድም መስመር ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለካ። ከእነዚህ ሁለት ልኬቶች በመነሣት የምድርን ሬዲየስ በስሌት አወጣ። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በኸሊፋ አል-መእሙን ትእዛዝ የተላኩ ሊቃውንት ሜዳ ለሜዳ ተጉዘው የለኩትን፣ እርሱ በራሱ መንገድ ፈተሸው። «የቀደሙት ብለዋል» ብሎ አልተቀመጠም።

የሰማይ ሰነድ

ስለ ሐዲስ የተማራችሁ አንባቢያን ቀጥሎ ያለውን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ሐዲስ ወደ እኛ የሚደርሰው በሰነድ ነው። አንዱ ራዊ ከሌላው እየተቀበለ ይወርዳል። በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ደካማ ራዊ ካለ ዘገባው በሙሉ ይመረመራል። ክብራቸው ባይነጻጸርም፣ የሰማይ ርቀትም የራሱ ሰነድ አለው። አንዱ ልኬት በሌላው ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ቀለበት የምድር መጠን ነው። በ1761 እና በ1769 ዝሁራ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ በልዩ ልዩ የምድር ማዕዘናት የነበሩ ሰዎች ተመለከቱ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ስለሚያውቁ የፀሐይን ርቀት አሰሉ። ሁለተኛው ቀለበት ይህ ነው።

ለሦስተኛው ቀለበት አውራ ጣታችሁን በዓይናችሁ ፊት አቁሙና አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስላል። እጃችሁን በዘረጋችሁ ቁጥር ፈቅ የሚለው እያነሰ ይሄዳል። ምድርም በስድስት ወር ውስጥ ከፀሐይ ወዲህና ወዲያ ማዶ ስትሆን፣ ቅርብ ያሉት ከዋክብት ከሩቆቹ አንጻር በጥቂቱ ፈቅ ይላሉ። በ1838 ጀርመናዊው ቤሰል በዚህ ዘዴ የአንዲት ኮከብ ርቀት ለካ። ኮከቧ ከእኛ 11 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች።

የብርሃን ዓመት ማለት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን በአንድ ዓመት የሚያቋርጠው ርቀት ሲሆን፣ ወደ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሱረቱ አን-ነጅም የተጠቀሰችው ሺዕራ የተባለችው ኮከብ 8.6 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። በዚያው የኅዳር ሌሊት ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል ከከዋክብት ሁሉ ደምቃ ስትታይ ለልጃችሁ አሳዩት። ዕድሜው ወደ ዘጠኝ ዓመት የተጠጋ ከሆነ፣ ያ ብርሃን ጉዞውን የጀመረው እርሱ በተወለደበት ሰሞን ነው።

የአውራ ጣቱ ዘዴ ግን ለትንሿ ደመና አልበቃም። አራተኛውን ቀለበት ያገኘችው በአሜሪካ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ትሠራ የነበረች፣ ጆሮዋም በሚገባ የማይሰማ አንዲት ሴት ናት። ሄንሪዬታ ሌቪት ትባላለች። በ1912፣ እየደመቁና እየደበዘዙ የሚመላለሱ ሴፊድ የተባሉ ከዋክብት የድምቀታቸው ዙር በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃናቸውም እንደሚበረታ አሳየች። ይህ ምን ይጠቅማል? የአንድን ፋኖስ እውነተኛ ጉልበት ካወቃችሁ፣ በሩቅ ደብዝዞ ስታዩት ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት ትችላላችሁ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሳችሁ ብርሃን ሩብ ይሆናልና።

በ1923 በጥቅምት ወር መጀመሪያ ኤድዊን ሐብል በካሊፎርኒያ ከዊልሰን ተራራ ላይ፣ የመስተዋቱ ስፋት 2.5 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ የትንሿን ደመና ፎቶግራፍ አነሣ። በውስጧም አንድ ሴፊድ አገኘ። የሌቪትን መለኪያ ተጠቅሞ ሲያሰላ 900,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ። የእኛ ፀሐይ ካለችበት ከፍኖተ ሐሊብ እጅግ የራቀች ናት። ትንሿ ደመና ደመና አልነበረችም። ራሷን የቻለች፣ ከዋክብቷ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ጋላክሲ ሆና ተገኘች። ዛሬ አንድሮሜዳ ትባላለች።

አስ-ሱፊ ከመዘገባት ሐብል እስከለካት 959 ዓመት አልፏል።

የሚቦካው ሊጥ

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሌላው አሜሪካዊ ቬስቶ ስላይፈር ከ1912 ጀምሮ የእነዚህን ደመና መሳይ አካላት ብርሃን ሲመረምር፣ የአብዛኞቹ ብርሃን ወደ ቀይ ያዘነበለ ሆኖ አገኘው። ይህም ከእኛ እየራቁ መሆናቸውን ያመለክታል። በ1922 ሩሲያዊው ፍሪድማን፣ በ1927 ደግሞ የቤልጅግ ቄስ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሌሜትር ጽንፈ ዓለም ሊሰፋ እንደሚችል ከስሌት ተነሥተው ጻፉ። በ1929 ሐብል ጋላክሲዎች በራቁ መጠን የሚሸሹበትም ፍጥነት እንደሚጨምር አሳየ።

እናቶች ጥቁር አዝሙድ ያለበትን የዳቦ ሊጥ ሲያቦኩ አስቡት። ሊጡ ሲነፋ የአዝሙዱ ፍሬዎች በራሳቸው አይሄዱም፤ በመካከላቸው ያለው ሊጥ ይሰፋል እንጂ። ከአንዷ ፍሬ ላይ ሆናችሁ ብታዩ ሌሎቹ ሁሉ ከእናንተ ይርቃሉ፤ እጥፍ የራቀችዋም በእጥፍ ፍጥነት ትርቃለች። መሐል ነኝ ልትል የምትችል ፍሬ ግን የለችም። ጽንፈ ዓለምም እንዲሁ ነው። አንድሮሜዳ ግን ለእኛ ቅርብ በመሆኗ የስበት ኃይል አሸንፎ ወደ እኛ እየሳባት ነው።

ደካማው ራዊ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሐብል በ1929 ካገኘው ቁጥር ወደ ኋላ ቢሰላ የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይሆን ነበር። የምድር ድንጋዮች ግን ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ አሳዩ። ልጅ ከእናቱ እንዴት ሊበልጥ ይችላል? በሰነዱ ውስጥ ደካማ ራዊ ነበረ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሎስ አንጀለስ ከተማ መብራቶች በጠፉበት ጨለማ ዋልተር ባዴ አንድሮሜዳን አብልጦ ለማየት ቻለ። በ1952 በሮም በተካሄደ ጉባኤም ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውንና እስከዚያ ድረስ ተደባልቀው መቆየታቸውን አስታወቀ። የአንድሮሜዳ ርቀት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት እንደሆነ ይታወቃል። የጽንፈ ዓለም ዕድሜም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። በ1998 ደግሞ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች መስፋፋቱ እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ ለዚህም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጠ። ያም ሆኖ የመስፋፋቱን መጠን በተመለከተ በሁለት መንገድ የተለኩት ቁጥሮች ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

ውድ አንባቢያን! ከእኛ መካከል የጽንፈ ዓለም መስፋፋት ሲነገር የሱረቱ አዝ-ዛሪያትን 47ኛ አንቀጽ የማይጠቅስ ጥቂት ነው። የቀደሙት ሙፈሲሮች የአንቀጿን መጨረሻ ከፊሎቹ በችሎታና በአቅም፣ ከፊሎቹ ሰማይን ሰፊ በማድረግ ፈትተውታል። የዘመናችን ሰዎች ደግሞ በመስፋፋት ይፈቱታል። እኔ በተፍሲር ጉዳይ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የአላህን ቃል ከዓመቱ ቁጥር ጋር አንሰር። ቁጥሩ ተለውጧል፤ ወደፊትም ሊለወጥ ይችላል። ቁርኣን ግን አይለወጥም። በ1951 የሮማው ጳጳስ የዘመኑን ሳይንስ ለሃይማኖታቸው ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡ፣ ንድፈ ሐሳቡን ያመነጨው ቄስ ሌሜትር ራሱ አልተደሰተበትም። የሰነዱ ደካማ ቀለበትም በዓመቱ ተገለጠ።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ያቺን አንቀጽ ከ1300 ዓመት በላይ ስንቀራ ኖረን፣ መስፋፋቱን ግን ሌሎች ለኩት። «እኛ ዘንድ ነበረ» ማለት ብቻ አያስከብረንም። አል-ቢሩኒ «ተጽፏል» ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም፤ መለኪያውን ይዞ ተራራ ወጣ። አስ-ሱፊም ሌሊቱን ሰማይ ሲያይ አደረ። እነርሱ የአላህን ፍጥረት ለማወቅ የደከሙት እምነታቸው ጎድሎ ማስረጃ ፍለጋ አልነበረም፤ ፈጣሪ ያከበረው ነገር ሊስተዋል የሚገባው ስለሆነ ነው እንጂ።

ስለዚህ በዚያ በኅዳር ምሽት ልጃችሁ ወይም ልጃችሁ ሴት ልጅ ሆና ሌቪትን መሆን የምትችል ከሆነች እርሷ፣ ስለ ትንሿ ደመና ስትጠይቃችሁ እንዲህ በሏት፦ «ጋላክሲ ናት። ብርሃኗ ወደ ዓይንሽ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል። መጀመሪያ የመዘገባት አስ-ሱፊ የሚባል ሙስሊም ነበር። የለካት ሌላ ነው። የቀረውን አንቺ ትለኪያለሽ፤ ሒሳብሽን አጥኚ።» ከዚያም ወደ ሰማይ እያያችሁ «አላህ ያውቃል» በሉ። ያን ጊዜ ቃሉ የስንፍና ሳይሆን የምስጋና ይሆናል።

ወላሁ አዕለም።