መሰንቆ ድንጋይ ሲጎርስ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስን አቋርጦ ያልፋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ይህ መንገድ ወገራን ሰንጥቆ፣ ዳባትን ነክቶ፣ ከደባርቅ ወዲያ የወልቅፊትን ገደል ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱ ያመጣው መኪናን ብቻ አይደለም። ራዲዮኑም፣ ቴፑም፣ ቆይቶም ትልልቁ ስፒከር የገባው በዚሁ ነው። አዝማሪው ደግሞ መሰንቆውን አንግቦ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር ኖሯል። ለመሆኑ ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሆነ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። መሰንቆ ማጉያ የሌለው መሣሪያ አይደለም። የፈረስ ጭራ ብቻውን በደጋን ቢፈተግ አጠገብ ላለ ሰው እንኳ እምብዛም አይሰማም። ድምፁን የሚያገዝፈው ቆዳ የተወጠረበት ሣጥን ነው። ያም ቢሆን ልክ አለው፤ ልኩም የሰው ድምፅ ነው። ምክንያቱም የአዝማሪ ዋና ሥራ ቃል ነው። ተጋባዡ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ሰሙና ወርቁ ካልተሰማ ጨዋታ የለም።

በከተማ ግን ሌላ ልክ መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። በኬቮርክ ናልባንዲያን የተመራው የእነዚህ «አርባ ልጆች» የማርሽ ባንድ የአደባባይ ድምፅ ነበረው። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ገነኑ። በነሐስ ጥሩምባዎች መካከል ክራርና መሰንቆ እንዴት ይሰሙ?

የጊታርም ችግር ይኸው ነበር። በአሜሪካ የዳንስ ባንዶች ውስጥ ጥሩምባው ይውጠው ነበር። ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር እ.ኤ.አ. በ1931 የሠሩትና በ1932 ለገበያ ያቀረቡት ኤሌክትሪክ ጊታር መልስ ሆነ። ብልሃቱ ማግኔት ነው፤ የብረት ክር ከማግኔቱ ፊት ሲንቀጠቀጥ በጥቅል ሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ማጉያው ያንን ያሳድገዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 ትራንዚስተር ሲፈለሰፍ ማጉያውን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ማድረግ ተቻለ።

እዚህ ላይ የእኛ መሣሪያ አመፀ። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ነው። የብረት ክር የተገጠመለት ክራር ይታዘዘዋል፤ የፈረስ ጭራና ጅማት ግን ለማግኔት ዲዳ ናቸው። ለመሰንቆ የሚስማማው ፒየዞ ነው፦ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ከተበላሸ መጫወቻ ወይም ደወል የሚነቀል፣ ሳንቲም የመሰለ ዝርግ። ሣጥኑ ላይ ይለጠፋል። ቀጥሎ ኤልኤም 386 የምትባል ስምንት እግር ያላት ቺፕ አለች፤ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ይበቃታል፤ የገባላትን ከ20 እስከ 200 እጥፍ ታጎላለች። በፒየዞውና በቺፗ መካከል አንድ ትራንዚስተር ካልገባ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ስፒከር፣ ጥቂት ብየዳ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን፤ ራዲዮ ጠጋኝ የሆነ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራታል።

ጉልበቷ ከአንድ ዋት አይበልጥም። ይህን ጉድለት የሚል ይኖራል። ግን ትልቅ ስፒከር አጠገብ የተቀመጠ መሰንቆ ምን እንደሚሆን እናስብ፦ የተወጠረው ቆዳ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይቀበላል፤ ፒየዞው ያንኑ ወደ ማጉያው ይልካል፤ ዙሩ ሲደጋገም ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ይወጣል። ለቆዳ መሣሪያ ትንሽ ማጉያ ይሻለዋል።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በሐርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ሳለ ክራርን የማዘመን ሐሳብ ይዞ ሠርቷል። የሱ ጥያቄ ክራር እንዴት ብዙ ይጫወት የሚል ነው። የሠርጉ አዝማሪ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቃሌ እንዴት ይሰማ? ኪቦርድና ግዙፍ ስፒከር በገቡበት ዳስ የድምፁን መጠን የሚወስነው የዕቃው ባለቤት ነው። እዚያ «ተቀበል!» ያለው ተጋባዥ ራሱ አይሰማም፤ ስለዚህ ግጥም መስጠቱን ይተዋል፤ አዝማሪውም የሚቀበለው ያጣል። ትንሿ ሣጥን ግን በራሱ በአዝማሪው ትከሻ ላይ ትንጠለጠላለች። ግጥም ሲመጣ በአውራ ጣቱ ዝቅ ያደርጋታል፤ ጨዋታው ሲሞቅ ከፍ ያደርጋታል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አዛውንትም ወርቁን ሰምተው ይስቃሉ።